ሸክሜን ጻፊው

እናቴ ጉልበቷን ካመማት ሦስት ዓመት አልፏል። መንገዷ ከአልጋ እስከ በረንዳ ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ደርሼ ስመጣ የጻፍኩትን ለእሷ አነብላታለሁ። ዓምና ከላሊበላ ስመለስ ስድስት ገጽ ጽፌ ነበር። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። ስጨርስ ጠየቀችኝ።

«ጫማሽን የት አስቀመጥሽው?»

«የቱን ጫማ?»

«ስትገቢ አውልቀሽ የለ እንዴ? ወለሉስ ይቀዘቅዛል? ምንጣፍ አለው ወይስ ባዶ ድንጋይ ነው? ማን አጠገብ ቆምሽ?»

ሁሉንም አውቀው ነበር። እግሬ ቅዝቃዜውን እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። በስድስቱ ገጽ ውስጥ ግን አንዱም አልነበረም። የነበረው «ውብ»፣ «ማራኪ»፣ «ልብ የሚሰርቅ»፣ «ቃላት የማይገልጹት» ነው። ቆጠርኳቸው። «ውብ» ብቻውን አሥራ አንድ ጊዜ ገብቷል። እናቴ በእኔ ጽሑፍ ላሊበላ አልደረሰችም።

ነገሩ ዓመት ሙሉ አልለቀቀኝም። ኅዳር 2017 ላይ የአንድ ሳምንት ዕረፍት ሳገኝ ሩቅ አገር አልሄድኩም። አዲስ አበባ ዙሪያ ወጣ እያልኩ፣ ማታ ማታ ቤቴ እየገባሁ፣ መጻፍ ልማር አልኩ። ቅርብ ቦታ ላይ ትልልቅ ቃል አያዋጣም። አንባቢው ራሱ ያውቀዋላ!

ኪስ የምትገባ ደብተርና ሁለት እርሳስ ገዛሁ። በየገጹ ኅዳግ ላይ አንድ ፊደል ልጽፍ ወሰንኩ። በዓይኔ ላየሁት «አ»፣ ሰው ለነገረኝ «ሰ»፣ ላነበብኩት «ነ»። ዓምና ሦስቱን አደባልቄ ነበር የጻፍኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 9፤ እንጦጦ

ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም። ሚኒባሱ ከሽሮ ሜዳ ሲነሳ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ነበር። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ያቃስታል። ረዳቱ እጁን በትንፋሹ እያሞቀ ሒሳብ ይሰበስባል። ከእኔ በቀር ሁሉም ነጠላ ያጣፉ ተሳላሚዎች ናቸው።

ማርያም ጋ ወረድኩ። ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉት እዚህ ነው። ኅዳጉ ላይ «ነ» ጻፍኩ። ከዚያ ከተማውን ቁልቁል አየሁና እጄ በልማዱ «ከተማዋ እንደ ምንጣፍ ተዘርግታ» ብሎ ጀመረ። ሰረዝኩት። ይሄን ለመጻፍ እንጦጦ መውጣት አያስፈልግም።

ዞር ብዬ ቅርቤ ያለውን አየሁ። ባሕር ዛፍ ነው። ዕድሜ ልኬን ሳየው ኖሬያለሁ። ልብ ያልኩት ግን ያን ዕለት ጠዋት ነው። ከተቆረጠ ጉቶ ላይ አዲስ ያቆጠቆጠው ቅጠል ክብ ነው። አመድማ ሰማያዊ ሆኖ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ዘንጉን አቅፎ ነው የሚበቅለው። በጣቴ ሳሸው ዱቄቱ ለቀቀና ከሥሩ አረንጓዴው ወጣ። አጠገቡ ያለው ትልቁ ዛፍ ቅጠሉ ረዥም ነው። እንደ ማጭድ ጎበጥ ብሎ ወደ መሬት ይንጠለጠላል። ለካስ ዘሩ አንድ ነው፤ የልጅነቱ ቅጠልና ያደገው ቅጠል አይመሳሰሉም። ሁለቱንም ደብተሬ ውስጥ አስገባኋቸው። ደብተሩ እስከ ዛሬ ይሸታል።

ከማርያም ወረድ ብሎ መንገዱ ጠርዝ ላይ አንዲት እናት ሸክማቸውን ግንብ አስደግፈው ቆመዋል። ገመዱን አልፈቱትም። ጀርባቸው ከሸክሙ ጋር እንደታሰረ ነው።

«እንደምን አደሩ፣ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና አደርሽ ልጄ?»

«እንጨቱ በጣም ከብዶዎታል።»

«ይሄ እንጨት አይደለም። ቅጠል ነው።»

ደብተሬ ላይ «እንጨት» ብዬ ጽፌ ነበር። እሳቸው አስተካከሉኝ። ለእሳቸው እንጨት ሌላ ነው፣ ጭራሮ ሌላ ነው፣ ቅጠል ሌላ ነው። እንጨት ለወጥ ነው፤ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ፍም ይይዛል። ቅጠል ለእንጀራ ነው። ምጣዱ ሥር ቦግ ይላል፣ ነበልባሉ ከዳር እስከ ዳር ይደርሳል፣ ምጣዱ እኩል ይግላል። «በእንጨት የጋገርሽው እንጀራ መሐሉ ያርና ዳሩ ሊጥ ይሆናል» አሉኝ። እኔ እንጀራ ስበላ ነው ያደግኩት። ይሄን ግን አላውቅም ነበር። አንድን ቦታ የሚያውቀው እዚያ ቦታ ላይ የሚሠራው ሰው ነው። ቃሉም ያለው እሱ ጋ ነው። የጉዞ ጸሐፊ ሥራ ቃል መፍጠር ሳይሆን «ይሄ ምን ይባላል?» ብሎ መጠየቅ ነው ብዬ ያመንኩት እዚያ ግንብ ሥር ነው።

«እማማ፣ ስለእርስዎ ብጽፍ ይፈቅዱልኛል?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«እናቴ ከቤት አትወጣም። ላነብላት ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ስሜን አትጻፊ» አሉኝ። «ሸክሜን ጻፊው።»

እንግዲህ ሸክማቸው ይሄ ነው። ርዝመቱን በስንዝሬ ለካሁት፤ አሥራ አንድ ስንዝር ነው። የታሰረው በሰማያዊ ናይለን ገመድ ነው። ገመዱ ትከሻቸውን በሚነካበት በኩል የነጠላ እራፊ ተጠምጥሞበታል። እራፊው ላይ የደበዘዘ ጥለት ይታያል፤ ድሮ አረንጓዴ የነበረ ይመስለኛል። በጀርባቸውና በቅጠሉ መካከል አራት ላይ የታጠፈ ማዳበሪያ አለ። ከቤታቸው የሚወጡት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ይሄኛው «ሰ» ነው፤ እሳቸው ነገሩኝ።

አብሬያቸው ወደ ሽሮ ሜዳ ወረድኩ። ፈጣን ናቸው። ቁልቁለቱን በአጭር በአጭር እርምጃ ይይዙታል። የሚያርፉባቸው ቦታዎች በካርታ ላይ ስም የላቸውም። እሳቸው ጋ ግን አላቸው። «ግንቡ»፣ «ቀዩ አፈር»፣ «ትልቁ ድንጋይ»። አንድ መታጠፊያ ላይ ከተማው በሙሉ ከዛፎቹ መካከል ብቅ አለ። ፀሐይዋ ገና ቆርቆሮዎቹን እየነካች ነበር። ቆሜ አየሁ። ሮጬ ደረስኩባቸውና «ከዚህ ሲያዩት ከተማው ያምራል አይደል?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ ልጄ። ሸክም ላይ ሆኜ የማየው እግሬን ነው።»

ማታ ስለ እንጦጦ ስጽፍ የከተማውን እይታ አወጣሁት። መንገዱን ከወገብ በታች ጻፍኩት። ጠጠሩን፣ የላስቲክ ጫማውን፣ ውሃ የቦረቦረውን ጠርዝ። ሦስት ጊዜ ማረፋቸውንም ጻፍኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10፤ ሱሉልታ

እንጦጦን በጎጃም በር ተሻግሬ ሱሉልታ ሜዳ ስደርስ ጉሙ አልተነሳም። ሯጮች መጡ። ከመታየታቸው በፊት ተሰሙ። ሣር ላይ የሚሮጥ እግር አስፋልት ላይ እንደሚሮጠው አይደለም፤ ድም ድም ሳይሆን ሸር ሸር ነው የሚለው። አለፉ። እጄ ደንዝዞ ስለነበር ማታ እጽፈዋለሁ ብዬ ተውኩት። ማታ ስቀመጥ ስንት እንደነበሩ ጠፋኝ። «ብዙ ሯጮች» ብዬ ጻፍኩ። «ብዙ» ማለት «ረሳሁት» ማለት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ በሰዓቱ ያልጻፍኩትን ቁጥር አላስገባም።

በየቤቱ አጥር ሥር ኩበት ተከምሯል። ጥርብ ድንጋይ የተደረደረ ነው የሚመስለው። አንዲት ወተት የያዙ እናት ከጎረቤታቸው ጋር በኦሮምኛ ያወራሉ። እኔ ከሰላምታ ያለፈ አልችልም። ወተት «አናን» እንደሚባል ጠይቄ ጻፍኩ። ወሬያቸው ግን ምን እንደነበረ አላውቅምና አልጻፍኩትም። ሳቃቸውን ብቻ ጻፍኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11፤ አዲስ ዓለም

ከአስኮ ተነስቼ ቡራዩን፣ መናገሻን፣ ሆለታን አልፌ አዲስ ዓለም ገባሁ። 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሆለታ ወዲያ የጤፍ አጨዳ ደርሷል። ነዶው እዚህም እዚያም ወድቋል፤ ክምር የጀመሩም አሉ። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት በመስኮቱ እያየ «ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ወጣልን» አለ። ለእኔ የተናገረው አልመሰለኝም። ለማሳው ነው።

ማርያም ኮረብታው ላይ ናት። ሽቅብ የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ ዛፍ ነው። ግቢ ውስጥ ሰዎች ቅጠል ይጠርጋሉ። የጽዮን በዓል ኅዳር 21 ነው፤ አሥር ቀን ቀርቶታል። ጫማዬን አወለቅኩ። በዚህ ጊዜ የት እንዳስቀመጥኩት ጻፍኩ፤ ከበሩ በስተግራ፣ አንድ የልጅ ጫማ አጠገብ፣ ማሰሪያው አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር የሆነ።

ዛፍ ሥር የተቀመጡ አንድ አባት ደብተሬን አይተው ጠሩኝ።

«ምን ትጽፊያለሽ?»

«ያየሁትን ነው፣ አባቴ።»

«ይቺ ከተማ የአገሩ ሁሉ ዋና ልትሆን እንደነበር ጽፈሻል?»

ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። እሳቸው ነገሩኝ፤ ቤት ገብቼም አነበብኩ። ኅዳጉ ላይ «ሰ» እና «ነ» ጎን ለጎን አሉ። ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ እዚህ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ነበር። በከተማው ዙሪያ የነበረው ጥድና ወይራ ለቤትና ለምድጃ ተጨፍጭፎ፣ እንጨት ከሩቅ መምጣት ጀመረ። እዚህ ግን ደን ነበር። ስሙንም «አዲስ ዓለም» አሉት። በዚያው ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ በአዲስ አበባ ዙሪያ ይተከል ጀመር። በጥቂት ዓመት ይደርሳል። ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከባሕር ማዶ ስለመጣ ባሕር ዛፍ ተባለ። አዲስ አበባ ማገዶ አገኘች፣ ቤተ መንግሥቱም ሳይዛወር ቀረ። ለንጉሡ የተጀመረው ግቢ የማርያም ሆነ።

«እንጨት አመጣን፣ እንጨት አስቀረን» አሉ አባት፣ ወደ ጥርጊያው እያዩ።

ቁጭ አልኩ። ደብተሬን ገልጬ የሰኞን ገጽ አየሁ። ክቡ ቅጠል ጠውልጎ ገጹ ላይ ተጣብቋል። የእማማ ሸክም ነው አዲስ አበባን ያቆያት! አንድ ሰው ይሄን ሐሳብ ቢሰጠኝ ኖሮ ጽሑፌን እሱ ላይ እገነባ ነበር። ማንም አልሰጠኝም። ሰኞ «ይሄ ምን ይባላል?» ብዬ ባልጠይቅ ረቡዕ ላይ የሚያያዝልኝ ነገር አልነበረም። የጉዞ ጽሑፍ ክሩን መንገድ ላይ ነው የሚያገኘው። ቤት ተቀምጦ የተፈተለ ክር ያስታውቃል።

ረቡዕ ስለሆነ ምሳዬን ሽሮ በላሁ። ቤቷ ጠባብ ናት፣ ሽሮው ግን በሸክላ እየተንተከተከ ነው የመጣው። በቃሪያው አለቀስኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፤ ቤት

ኅዳር ሲታጠን ነው። የትም አልወጣሁም። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ያነዳል። ጭሱ ከቆርቆሮ ከፍ ብሎ መሄጃ አጥቶ ተንጠልጥሏል። እናቴ መስኮቱን ዘግታ ታስላለች፣ ግን «ተዉ» አትልም። አያቷ በ1911 ዓ.ም. ከኅዳር በሽታ የተረፉ ናቸው። «ቀባሪ ጠፋ ይሉን ነበር» አለችኝ። ከዚህ በላይ አልነገሯትም፤ እኔም ከዚህ በላይ አልጻፍኩም።

ቡና ተፈላ። የሰኞንና የረቡዕን ገጾች አነበብኩላት። እንደ ዓምናው ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። ስለ ጫማ አልጠየቀችኝም። ስለ ቅጠሉ «እውነታቸውን ነው፣ እኔም በቅጠል ነበር የምጋግረው» አለችና እጇን ዘርግታ ደረቁን ቅጠል ተቀበለችኝ። አሸተተችው። አሽታ አሽታ ጉያዋ ከተተችው። ከዚያ አንድ ጥያቄ መጣ።

«ሴትዮዋ ምን በልተው ነው የሚወጡት?»

አልጠየቅኳቸውም። ጥያቄዋን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ማታ አንድ የጥንት መንገደኛ ትዝ አለኝ። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገራችን መጥቶ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቷል። ላሊበላንም አይቶ ጽፏል። የአብያተ ክርስቲያናቱን ርዝመትና ወርድ፣ የዓምዶቹን ብዛት እየቆጠረ ነው የጻፈው። ከዚያ አንባቢ አያምነኝም ብሎ ሰጋ። የጻፍኩት እውነት ነው ብሎ በእግዚአብሔር ማለ። ይሄ ሰው ያሳሰበው ያየው ነገር ከሚታመነው በላይ መሆኑ ነው። እኔ ዓምና ስለዚያው ቦታ ስጽፍ መሐላ አላስፈለገኝም። «ውብ ነው» ያለን ሰው ማን ይጠራጠረዋል? መለኪያ ያለው ዓረፍተ ነገር ግን ሊስት ይችላል። ሊስት የሚችል ነገር ጽፎ ትክክል ሆኖ መገኘት ነው ከባዱ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13፤ መልካ ቁንጡሬ

ከአየር ጤና ቅጥቅጥ ያዝኩ። ዓለም ገናን አልፈን የቡታጅራን መንገድ ያዝን። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ አዋሽ ይመጣል። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው። ድልድዩ ጋ ስንደርስ «ወራጅ አለ!» ብዬ ወረድኩ።

እዚህ የሰው ልጅ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ አሻራ አለው። ቦታው በአቅራቢያው ካለው ባልጪት ከሚባል ስፍራ ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ቁጥሩን ጻፍኩና ተመለከትኩት። ሁለት ሚሊዮን። ምንም አልተሰማኝም። እናቴም ምንም እንደማይሰማት አወቅኩ። ስለዚህ ቁጥሩን ትቼ ድንጋዩን ማየት ጀመርኩ።

የእጅ መጥረቢያ ነው። እጀታ የለውም። ለሁለት የተሰነጠቀ አቮካዶ ያህላል፤ አንድ ጫፉ ሾል ይላል። ሁለቱም ፊቱ ላይ የተፈነቀለበት ጠባሳ ተደርድሯል። የእጄን መዳፍ ከመስታወቱ በላይ ዘርግቼ ለካሁት። ልክክ ይላል። አውራ ጣቴ የሚያርፍበት ጎድጓዳ አለ። አስጎብኚው ዝም ብሎ አየኝና «ሁሉም ሰው እንደዚያ ያደርጋል» አለኝ። ሁሉም ሰው እጁን ይዘረጋል ማለት ነው። ያን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩት። ከሁለት ሚሊዮኑ ይበልጥብኛል።

የባልጪትን ስም ሲነግረኝ ባልጩት ትዝ አለኝ። አያቶቻችን እሳት የሚጭሩበት ድንጋይ። እዚያ ያለው ጥቁር እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ ነው፤ ጠርዙ ዛሬም ጣት ይቆርጣል።

ወንዙ ዳር ወረድኩ። አንድ እረኛ ልጅ ከብቶቹን ያጠጣል። ውሃው ቡናማ ነው፣ ዝግ ብሎ ይሄዳል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። ልጁን «ይሄ ውሃ የት ነው የሚሄደው?» አልኩት። «ወደ ታች» አለኝ። «አ»፣ «ሰ»፣ «ነ» ሦስቱም በአንድ ገጽ ላይ ገቡ፣ አልተጋጩም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14፤ ሽሮ ሜዳ

ነገ ጾም ይገባል። ሽሮ ሜዳ ላይ ዶሮ የያዘ ሰው በዝቷል። ልብስ ተራው ገና እየተከፈተ ነው። ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። 4 ሰዓት ሊሆን ሲል እማማ ብቅ አሉ። ሰማያዊ ገመዱን ነው መጀመሪያ የለየሁት።

ሸክማቸውን አውርደው ተቀመጡ። ሻይ አዘዝኩ። የእናቴን ጥያቄ ጠየቅኳቸው።

«ባዶ ሆድ ነው የምወጣው» አሉኝ። «ሸክምና ጥጋብ አይስማሙም። ንገሪያት።»

ከዚያ የጻፍኩትን አነበብኩላቸው። ጮክ ብዬ፣ ከአሥራ አንዱ ስንዝር እስከ እራፊው። «አረንጓዴ አይደለም፣ ሰማያዊ ነበር» አሉ ስለ ጥለቱ። አረምኩት። ስለ እንጀራው ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አረፉ» የሚለው ጋ ግን እጃቸውን አነሱ።

«አራት ነው።»

ደብተሬን አየሁ። ግንቡ፣ ቀዩ አፈር፣ ትልቁ ድንጋይ።

«ሦስት ነው የቆጠርኩት፣ እማማ።»

«መታጠፊያው ጋ አርፌያለሁ። አንቺ ከተማውን ታዪ ነበር።»

እርሳሴን አውጥቼ ሦስትን ሰረዝኩ። ከላዩ አራት ጻፍኩ። «ቦታው ምን ይባላል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ዛፏ ጋ» አሉኝ። «አንዷ ጥድ ቀርታለች እዚያ። ሳትዪአት ነው ያለፍሽው።»